ቡቺ አብዷል ወይስ ርቦታል?

ለእትዬ፣

የምጽፍልዎ ስለ ውሻዬ ነው። ሰው የሚጨነቅበት ነገር ሞልቶ ስለ ውሻ ትጽፋለች ብለው እንዳይስቁብኝ፤ ነገሩ ቤቴን ሊበጠብጠው ደርሷል።

ቡቺ አራት ዓመቱ ነው። ከሰባት ዓመቱ ልጄ ጋር አብሮ አድጓል፤ ጅራቱን ቢጎትተው እንኳ ዞር ብሎ አያይም ነበር። በቅርቡ ሰውነቱን እያሳከከው ፀጉሩ ሲረግፍ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። አለርጂ ነው ተብሎ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ኪኒን ለሳምንታት ታዘዘለት። ማከኩ ወዲያው ጋብ አለ፤ ከዚያ ግን ሌላ ውሻ ሆነብኝ። ውሃ ቢጠጣ ቢጠጣ አይረካም። በረንዳው ላይ ይሸናል። ሌሊት ሌሊት ያለከልካል። ከመሶብ እንጀራ ይሰርቃል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ልጄ ሳህኑ አጠገብ የወደቀች ኳሱን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል አጉረመረመና እጅጌውን ቀደደው። ቆዳውን አልነካውም።

ቤተሰቡ በሙሉ ዐቢይ ጾምን ይጾማል፤ ሰፈራችን ያለው ሥጋ ቤትም ዝግ ነው። ስለዚህ ቡቺ የሚበላው ከእኛ የተረፈውን ሽሮና ምስር በእንጀራ ነው። አማቴ «አብዷል፤ ከበዓሉ በፊት ይወገድ» ይላሉ። ትንሽ ሥጋ ብንፈልግለትስ ብላቸው «በነነዌ ከብቱም ጾሟል» ብለው ዝም አሰኙኝ። ባለቤቴ ጥፋቱ የኪኒኑ ስለሆነ ዛሬውኑ አቁሚለት ይላል። ዘበኛችን ደግሞ ኃይለኛ እንዲሆን ብሎ በርበሬ ያበላው እንደነበር አሁን ነገረኝ። ምን ላድርግ? ኪኒኑን ላቁምለት? ለሰው ልስጠው? ወይስ በእርግጥ አብዶ ይሆን?

የቡቺ አሳዳጊ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ አልሳቅሁም።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ኪኒኑን በራስሽ እንዳታቆሚ። ባለቤትሽ ነገሩ ከኪኒኑ ጋር መያያዙን ልክ ገምቷል፤ የሳተው መፍትሔው ላይ ነው። ከኩላሊት በላይ ያሉ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ያመርታሉ። ፕሬድኒሶሎን የዚያን ሆርሞን ሥራ የሚሠራ መድኃኒት ነው። ለሳምንታት ከውጭ ሲገባላቸው ዕጢዎቹ ሥራ ይፈታሉ። ኪኒኑ በድንገት ሲቀር ታዲያ ከውጭም የለ፣ ከውስጥም የለ፤ ውሻው ይዝላል፣ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ሲብስም ተዝለፍልፎ ይወድቃል። መጠኑ የሚቀነሰው ሐኪሙ በሚያወጣለት ቅደም ተከተል ቀስ በቀስ ነው፤ ብዙ ጊዜ በየቀኑ ይሰጥ የነበረው አንድ ቀን እየዘለለ መሰጠት ይጀምራል። ስለዚህ ዛሬ ለሐኪሙ ደውይና ለእኔ የጻፍሽውን ሁሉ ንገሪው፤ በተለይ በልጅሽ ላይ የሆነውን። «ትንሽ ተቆጥቶ ነበር» ብለሽ እንዳታለሳልሺው። መጠኑ ይቀነስ እንደሆነ፣ ሌላ ማሳከክ የሚያስታግስ መድኃኒት ይኖር እንደሆነም ጠይቂው። ቁንጫ ካለበት ደግሞ ቁንጫው ሳይጠፋ ኪኒን ብቻ መዋጡ ማሳከኩን ለጊዜው ከማብረድ አያልፍም።

የአማትሽን ፍርሃት አልንቀውም። በእኛ አገር ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ሲታይ የእብድ ውሻ በሽታን ማሰብ ተገቢ ነው። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ውሻንም ሰውንም ይገድላል። የቡቺ ነገር ግን ሌላ ይመስላል። በሽታው የያዘው ውሻ መዋጥ ስለሚያቅተው ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ድምፁ ይለወጣል፤ መንጋጋው ሊንጠለጠል ይችላል፤ ያገኘውን እንጨትና ድንጋይ ሊነክስ ይችላል፤ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ አሥር ቀን እምብዛም አይቆይም። ቡቺ ይበላል፣ ይጠጣል፣ የተቆጣውም ሳህኑ ላይ ነው፤ ለውጡም የመጣው ከኪኒኑ ጋር ነው።

ከደብዳቤሽ ያላገኘኋቸው ሁለት ነገሮች ግን አሉ። የክትባት ወረቀቱን አውጥተሽ ቀኑን እዪ፤ ካለፈበት ለሐኪሙ ንገሪው፤ መቼ ይከተብ የሚለውን የሚወስደውን መድኃኒት አይቶ ይወስናል። ሁለተኛው የልጅሽ ክንድ ነው። ጥሩ ብርሃን ባለበት ደግመሽ እዪው። የተጫረ ነገር ካለ፣ ደም ባይወጣውም፣ ሳምንት አለፈው ሳትይ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ቡቺ አላበደም ብዬ መገመቴ እዚያ ላይ ዋጋ የለውም። ለወደፊቱም ውሻ የነከሰው ወይም የጫረው ቦታ ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይታጠባል፤ ሐኪም ዘንድ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ረሃቡ እንምጣ። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ውሻ ይጠማል፤ ስለሚጠጣም ይሸናል፤ ያለከልካል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ይርበዋል። በልቶ ሳህኑን ልሶ ሳይጨርስ እንደገና የሚፈልግበት ረሃብ ነው። ጠባይንም ይነካል። በፈረንጆቹ 2011 የታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት እንዲህ ያለ መድኃኒት የወሰዱ 31 ውሾችን ባለቤቶች ጠይቆ ነበር፤ 11ዱ የጠባይ ለውጥ አይተናል ብለዋል። ካነሷቸው ነገሮች መካከል መረበሽ፣ ቶሎ መደንገጥ፣ መነጫነጭና ምግብን ከሰው መከላከል ይገኙበታል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ አልገነባበትም። ግን የቡቺን ነገር የሚመስል ከእናንተ ቤት ውጭም መታየቱን ለባለቤትሽ ማሳየት ይበቃል። በረንዳው ይቆሽሻል ብላችሁ ውሃውን እንዳታነሡበት፤ ይልቅ ከመተኛቱ በፊት አንዴ ደጅ ይውጣ። ሲሸና የሚያምጥ ወይም ሽንቱ ደም ያለው ከሆነ ግን መድኃኒቱ ኢንፌክሽን የመከላከል አቅምን ስለሚቀንስ ሐኪሙ ሽንቱን ይመርምርለት።

እንዲህ ረሃብ የተለቀቀበትን ውሻ ነው እንግዲህ ጾም ውስጥ ያስገባችሁት።

ውሻ እንደ ድመት ሥጋ ካላገኘ የማይኖር ፍጥረት አይደለም። ከሰው ጋር ሲኖር እህልንም ለምዷል፤ በፈረንጆቹ 2013 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት የውሻ ዘረ መል ከተኩላው ይልቅ ስታርች ለመፍጨት የተመቸ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ችግሩ እንጀራው ሳይሆን ወጡ ነው። ቀይ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ያፈርሳል፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይብሳል። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ቀይ ሽንኩርት ለጉዳት ይበቃል። ቡቺ 20 ኪሎ ቢሆን ከ300 ግራም ጀምሮ ማለት ነው። ይህን ያህል በአንድ ቀን ባይበላም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲገባ ጉዳቱ ይጠራቀማል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ወጥ አይደለም። ድዱ ከነጣ፣ ከደከመው፣ ሽንቱ ከጠቆረ ወይም ከቀላ ቀጠሮ አትጠብቂ።

ወጥ ያልነካውን እንጀራ ወይም ሩዝ ስጪው፤ ከላዩ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሽንኩርትና ቅመም ያልነካው የተቀቀለ ምስር ጨምሪበት። ሳንባ ካገኘሽ መልካም፤ ግን በደንብ ይቀቀል። የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ላይ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ጥገኛ ይይዛል፤ በጥሬው የበላ ውሻ ትሉን አርብቶ እንቁላሉን በዓይነ ምድሩ ይጥላል፤ ያ ደግሞ ግቢ ውስጥ የሚጫወት ልጅ አፍ ይገባል። የቀኑን ምግብ ሁለት ወይም ሦስት ቦታ ክፈይው። ረሃቡን አምነሽ መጠኑን ዝም ብለሽ ብታበዢ ግን ቡቺ በወር ውስጥ በርሜል ይሆናል፤ ልኩን ሐኪሙ ይንገርሽ።

አማትሽ የጠቀሱት ልክ ነው፤ በትንቢተ ዮናስ የነነዌ ንጉሥ ሰውም እንስሳም እንዳይቀምስ አዟል። እኛ ግን የነነዌን ጾም የምንጾመው ሦስት ቀን ነው፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ለነነዌ ከብትም ፕሬድኒሶሎን የታዘዘ አይመስለኝም። ይህን ፊት ለፊት እንዳትነግሪያቸው። በክርክር አታሸንፊያቸውም፤ ብታሸንፊያቸውም አብረሽ የምትኖሪው ከእሳቸው ጋር ነው። ለቡቺ የብቻው ድስትና ማማሰያ አውጪለት፤ ውጭ ከሰል ላይ ይቀቀል፤ የጾም ዕቃ አይንካ። እኔ እንደምገምተው እሳቸውን የሚያስቆጣቸው ከውሻው ይልቅ ሥጋና እንቁላል በወጥ ቤታቸው መግባቱ ነው።

ልጁን በተመለከተ አልደራደርም። ቡቺ የሚበላው ልጅ በማይደርስበት ቦታ ይሁን፤ ከጓሮ፣ በር ተዘግቶ። ሲበላ ማንም አይጠጋው፤ ሳህኑም የሚነሣው ራቅ ካለ በኋላ ነው። ሲያጉረመርም አትምቱት። ማጉረምረሙ ማስጠንቀቂያ ነው፤ በዱላ ዝም ያሰኛችሁት ውሻ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ልጅሽም ኪኒኑ እስኪያልቅና ጠባዩ እስኪመለስ ድረስ ትልቅ ሰው ሳይኖር ከቡቺ ጋር አይጫወት። ይከፋዋል፤ ይክፋው።

ሌላም አለ። ውሻው አነከሰ ወይም ትኩሳት አለው ብላችሁ ከቤት የመድኃኒት ሣጥን አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አስፕሪን እንዳትሰጡት። እነዚህ ብቻቸውንም የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፤ ከፕሬድኒሶሎን ጋር ሲሆኑ ደም እስኪያስተፋው ሊያደርሱት ይችላሉ። ፓራሲታሞልም ጉበቱን ሊጎዳው ይችላል። ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስመለሰ በዚያው ሰዓት ሐኪም ዘንድ ነው።

ዘበኛው ያልኩትን ሰምቶ ይስቅ ይሆናል፤ ግን በርበሬ ውሻን ጀግና አያደርገውም፤ አፉንና ሆዱን ያቃጥለዋል፤ ሆዱን የሚያመው ውሻ ደግሞ ይነጫነጫል። አትቆጪው። ቡቺን የማብላቱን ሥራ ለእሱ ስጪውና ሰዓቱንና መጠኑን አስረጂው። ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ የሚውለው እሱ ነው፤ ተደብቆ የሚሰጠው ነገር የሚቀረው እንዲህ ነው።

ለሰው ልስጠው ላልሽው፣ አሁን አይሆንም። በዚህ ጠባይ ላይ ያለ ውሻ ለማያውቀው ቤት መስጠት አደጋውን ለሌላ ሰው ልጅ ማሻገር ነው፤ ኪኒኑን እዚያ ማን በሰዓቱ ይሰጠዋል? ሕክምናው በሐኪሙ ትእዛዝ ይለቅ፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ጠብቂ። ያኔም ልጅሽ ላይ የሚያጉረመርም ከሆነ መስጠቱን ማሰብ ይቻላል፤ ለሚወስደው ሰው ምንም ሳይደበቅ።

ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ያዝንለታል። ዶሮ ወጥ ማለት ለውሻ የሽንኩርት ወጥ ነው፤ የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል፤ ሁለት ወር ስብ ያልቀመሰ ሆድ ላይ የሚወርድ ጮማም ጣፊያ አጠገብ ያለውን ቆሽት ሊያስቆጣውና በትውከት ሊጥለው ይችላል። ለእንግዶቹ በር ላይ ንገሪያቸው፤ በተለይ ለአጎቶች። ለቡቺ የሚሆን ያለ ቅመም የተቀቀለ ቀይ ሥጋ አስቀድመሽ ለይተሽ ለዘበኛው ስጪው፤ አማትሽም ያን ቀን አይቃወሙሽም።