ሕፃኑ አይቶ ሲጠይቅ ማን ይመልስለት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ ይጠመቃል፤ ሴት ልጅም በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። ሕፃኑ በዚያው ዕለት ሜሮን ይቀባል፤ ቅዱስ ቍርባንም ይቀበላል። ገና አፉን ያልፈታ ስለሆነ ስለ እርሱ ሆኖ ሰይጣንን የሚክድለትና በክርስቶስ ማመኑን የሚመሰክርለት የክርስትና አባቱ ነው። እንግዲህ ሕፃኑ ጸጋውን አስቀድሞ ይቀበላል፤ የተቀበለውን ግን ኋላ ሊማረው ይገባል። ጥምቀቱ ተፈጽሟል፤ ትምህርቱ ግን ዕዳ ሆኖ ይቆያል። ይህን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው?

እንደሚታወቀው አገራችን ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የሊቃውንት አገር ነው። የድጓው ምስክር ቤት ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕቱም ምስክር ቤት ዙር አባ በጋይንት ምድር የሚገኙ ናቸው። ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቍራሽ እየለመነ ይማርባቸዋል። ነገር ግን የአብነት ትምህርት ቤት ዓላማው ዲያቆኑን፣ ቄሱንና መሪጌታውን ማውጣት ነው። ወደዚያ የሚገባው ከብዙዎች ጥቂቱ፣ እርሱም በአብዛኛው ወንዱ ነው። ከብት የሚያግደው ወንድሙና ውኃ የምትቀዳው እኅቱ በቤት ይቀራሉ። እነርሱም እንደ እርሱ የተጠመቁ ናቸው። ሰንበት ትምህርት ቤት በተለይ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ነው።

እነዚህ ልጆች ሃይማኖታቸውን ፈጽሞ አያውቁም ማለት አይደለም። ማተብ በአንገታቸው አለ። የፍልሰታን ጾም ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ጾመው ይቈርባሉ። በቤተ ክርስቲያን በር ሲያልፉ ይሳለማሉ። ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ ግን መልሳቸው “እናቴ ስለምትጾም”፣ “ሰው ሁሉ ስለሚሳለም” የሚል ነው። በመንደር እስካሉ ድረስ ይህ ይበቃቸው ይሆናል። ነገ ለትምህርት ወደ ነፋስ መውጫ ወይም ወደ ደብረ ታቦር ሲሄዱ፣ ለሥራም ወደ አዲስ አበባና ወደ ዐረብ አገር ሲሰደዱ ግን “ለምን ትጾማለህ? ለምን መስቀል ትሳለሚያለሽ?” የሚል ያጋጥማቸዋል። መልስ ያልያዘ ልጅ በሃይማኖቱ ያፍራል፤ ወይም ሌላው የሰጠውን መልስ ይዞ ይሄዳል።

ቅዱስ መጽሐፍ በዚህ ነገር መንገዱን አሳይቶናል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 12 ልጆች የፋሲካውን ሥርዓት አይተው ትርጉሙን ሲጠይቁ አባቶች እንዲነግሯቸው ታዝዟል። በመጽሐፈ ኢያሱም ምዕራፍ 4 ከዮርዳኖስ የወጡት 12 ድንጋዮች የተተከሉት ልጆች አይተው እንዲጠይቁ ነው። ሕፃኑ አስቀድሞ ያያል፤ ቀጥሎ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ ይነገረዋል። ስለሆነም የሕፃናት መምህር ትምህርቱን መጀመር ያለበት ልጁ ዘወትር ከሚያየውና ከሚያደርገው ነገር ነው።

ለምሳሌ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረውን የደብረ ታቦርን በዓል እንውሰድ። እረኛው ልጅ ቡሄን በጕጕት ይጠብቃል፤ ጅራፉን የሚገምደው ቀኑ ሳይደርስ ነው። መምህሩ “ጅራፍ ለምን እናጮኻለን? ችቦ ለምን እናበራለን? ሙልሙል ለምን ይሰጠናል?” ብሎ ይጠይቃቸው። ሁሉም የመሰላቸውን ከተናገሩ በኋላ የማቴዎስ ወንጌልን ምዕራፍ 17 በቀላል ቃል ይተርክላቸው። ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራ እንደወጣ፣ ፊቱ እንደ ፀሐይ እንደበራ፣ ሙሴና ኤልያስ እንደተገለጡ፣ የአብም ድምፅ ከደመና እንደተሰማ ይንገራቸው። ከዚያም አባቶች እንደሚያስተምሩት ችቦው የታቦርን ብርሃን፣ የጅራፉ ጩኸት ያን አስደንጋጭ ድምፅ፣ ሙልሙሉም ከብርሃኑ የተነሣ መምሸቱን ሳያውቁ በሜዳ ለቆዩት እረኞች ወላጆቻቸው የወሰዱላቸውን ዳቦ እንደሚያስታውስ ያስረዳቸው። እረኛው ልጅ በታሪኩ ውስጥ እንደ እርሱ ያሉ እረኞች መኖራቸውን ሲሰማ ትምህርቱን አይረሳውም። በዓሉ በየዓመቱ በመጣ ቍጥር ጅራፉ ራሱ ያስታውሰዋል። ማተቡ፣ ጠበሉ፣ የሆሣዕናው ዘንባባ፣ የጥምቀቱ በዓል ሁሉ በዚሁ መንገድ የሚተረጐሙ ናቸው።

ይህ ችግር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በግብፅ ሐቢብ ጊርጊስ የሚባሉ መምህር የቅብጥ ልጆች በዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲውሉ ሃይማኖታቸውን የሚያስተምራቸው እንዳጡ ተመልክተው የሰንበት ትምህርት ቤቶችን አደራጁ፤ ጠቅላላ ኮሚቴውም እ.ኤ.አ. በ1918 ተቋቋመ። ኋላ ፓትርያርክ የሆኑት አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ በወጣትነታቸው የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ። እንግዲህ ሕፃናትን ማስተማር ለሊቃውንት የማይመጥን ትንሽ ሥራ ነው ማለት አይቻልም።

ወደ ሥራው ስንመጣ የሚከተሉትን ማሰብ ይጠቅማል። አንደኛ፣ ጉባኤው በደብሩ አስተዳዳሪና በሰበካ ጉባኤው ፈቃድ፣ መሪጌታውንም እየጠየቁ የሚከናወን ይሁን። ሁለተኛ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በዐፀዱ ዛፍ ሥር ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ወላጆችም ለዚያች ጊዜ ከብቱን በተራ እንዲያግዱ ይለመኑ። ሦስተኛ፣ ታናናሾቹ ከታላላቆቹ ይለዩ፤ በአንድ ቀን አንድ ታሪክ፣ አንድ መዝሙርና አንድ ጥያቄ ብቻ ይሰጥ። አቡነ ዘበሰማያትን በግዕዝ የሚደግም ልጅ በየሳምንቱ አንዳንዱን ቃል ትርጉሙን ይማር። አራተኛ፣ ሕፃናትን በሲኦል ማስፈራራት ይቅር፤ ከፍርሃት በፊት የአምላካቸውን ፍቅር ይወቁ።

አምስተኛው ከሁሉ የሚበልጥ ነው። በክረምት ከዩኒቨርሲቲ የምንመለስ ተማሪዎች ሐምሌንና ነሐሴን አስተምረን ትምህርት ሲከፈት እንሄዳለን። ከእኛ ጋር የሚሄድ ጉባኤ ለሕፃናቱ ተስፋ ሰጥቶ የሚነሣ ጉባኤ ነው። ስለዚህ ማንኛችንም በአገር የሚቀሩ አንድ ወንድምና አንዲት እኅት ከጎናችን አስቀምጠን ሳናሠለጥን መጀመር የለብንም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መክረማቸውን ስናስብ ደግሞ ለአንዳንዱ ልጅ ፊደል የሚያይበት ቦታ ይኸው ዐፀድ ብቻ ሊሆን እንደሚችል እንረዳለን።

ቅዱስ ጳውሎስ የጢሞቴዎስን እምነት ሲያመሰግን አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን አስቀድሞ አነሣ። ጢሞቴዎስ ጳጳስ ከመሆኑ በፊት በቤቱ ጥያቄውን የሚመልስለት ያገኘ ልጅ ነበር። የእኛም ታናናሾች እየጠየቁ ነውና መልሳቸውን ይዘን እንቅረብ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።