ሙሉ ፈውስ፦ ከመሶቡ እስከ ክሊኒኩ

ወላጆቻችን ሰው ሲያገኙ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ጤናን ነው። የሰውየውን ጠይቀው አያበቁም፤ የቤቱን፣ የልጆቹን፣ የከብቱንና የጎረቤቱንም ይጠይቃሉ። በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ይህ አጠያየቅ ወደ እስራኤል ክሊኒኮች እንዴት እንደ ገባ ነው። በኪርያት ማላኺ፣ በጌዴራና በያቭኔ ከስኳር በሽታና ከደም ግፊት ጋር የሚታገል ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነውና ታሪኩ የራሳችን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ከዓሊያ በፊት

በጎንደርና በትግራይ መንደሮች ሆስፒታል የቀናት መንገድ ነበር። ስለዚህ ሕክምናው ከቤትና ከጓሮ ይጀምር ነበር። ለሆድ ቁርጠት ጤና አዳም፣ ለጉንፋን ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ፣ ለኮሶ ትል ራሱ ኮሶ ይታዘዝ ነበር። አጥንት የተሰበረበት ወደ ወጌሻ፣ ምጥ የያዛት ወደ ልምድ አዋላጅ፣ ልቡ ያዘነ ወደ ቄስ፣ ከወንድሙ የተጣላ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። ሥጋ፣ ነፍስ፣ ምግብና ዝምድና ተለያይተው አይታከሙም ነበር።

ቋንቋችንም ይህንኑ ይመሰክራል። «ሆዴ ባባ»፣ «ልቤ ተሰበረ»፣ «ሆዴ ተቃጠለ» ስንል የአካል ክፍል ጠርተን የምንናገረው ስለ ኀዘንና ስለ ናፍቆት ነው።

ያን ጊዜ ግን አናስውበው። በወባ፣ በኩፍኝና በወሊድ ብዙ ሰው ሞቷል። ኮሶም ቢሆን መጠኑ ካለፈ ይጎዳል፤ ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። የጥንቱ ሕክምና ጥበብም ጉድለትም ነበረው።

2. የተፈጠረው ክፍተት

ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 1985 በዘመቻ ሙሴ፣ በግንቦት 1991 ደግሞ በዘመቻ ሰሎሞን ወገኖቻችን ገቡ። በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ከ14,000 በላይ ሰው መጣ። ከጥር 1995 ጀምሮ የሥራ ላይ የዋለው የጤና ዋስትና ሕግ ለእያንዳንዱ ነዋሪ የኩፓት ሆሊም አባልነትን አረጋገጠ። በሩ ተከፈተ፤ ቋንቋው ግን አልተከፈተም።

አንዲት እናት «ሆዴ ተቃጠለ» ስትል የተረጎመው ብዙ ጊዜ ከትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ነው። ልጁ ቃሉን እንደሰማው ወደ ዕብራይስጥ መለሰው፤ ሐኪሙ ጨጓራን መረመረ፤ ውጤቱ ደህና ሆነ፤ እናትየዋ «ምንም የለሽም» ተብላ ተመለሰች። በአገር ቤት የቀረች እኅቷን ማንም አልጠየቃትም። ብዙዎቻችን እንደዚያ ያለ አስተርጓሚ ልጅ ነበርን፤ ልጅ ሊሰማው የማይገባውንም ሰምተናል።

ከዚያ ላይ በጥር 1996 የደም ጉዳይ ተሰማ። የወገኖቻችን የደም ልገሳ በድብቅ ይጣል እንደነበር ሲታወቅ በሺዎች የሚቆጠሩ በኢየሩሳሌም አደባባይ ወጡ። ደም የሰጠ ሰው ደሙ እንደ ተጣለ ካወቀ በኋላ «ለምርመራ ደም ስጥ» ሲባል ለምን እንደሚያመነታ ለመረዳት ይህን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል።

በዚያው ዓመት የወጣው የሕመምተኛ መብት ሕግ ደግሞ ሐኪም ሕመምተኛው በሚገባው መንገድ ማስረዳት እንዳለበት ደነገገ። ይህ ሕግ ዛሬም በእጃችን ነው።

3. «ርፉኣ ሽሌማ» እና «ቴኔ ብሪኡት»

በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለት ሥራዎች ተጀመሩ።

የመጀመሪያው «ርፉኣ ሽሌማ» ይባላል፤ ትርጉሙ «ሙሉ ፈውስ» ነው። ለታመመ ሰው በጸሎት የሚመኙለት፣ የነፍስንም የሥጋንም መዳን የሚይዝ ቃል ነው። በዚህ ፕሮግራም በክላሊት ክሊኒኮች ውስጥ ከማኅበረሰባችን የተመለመሉ አገናኞች፣ በዕብራይስጥ ሜጋሽሪም የሚባሉት፣ ሥራ ጀመሩ። አገናኝ ከአስተርጓሚ ይለያል። «ሆዴ ተቃጠለ» የሚለውን ለሐኪሙ ያብራራል፣ የሐኪሙን ትእዛዝ ለቤተሰቡ ያስረዳል፣ ሠራተኞችን ስለ ባህላችን ያስተምራል። ፕሮግራሙ ሲገመገም በሠራተኞችና በሕመምተኞች መካከል ያለው ግንኙነት ተሻሽሎ፣ እንደ ስኳርና አስም ያለ ሥር የሰደደ በሽታ ያለባቸውም ራሳቸውን በተሻለ መንገድ ሲንከባከቡ ተገኝቷል።

ሁለተኛው በ1998 የተመሠረተው «ቴኔ ብሪኡት» ነው። በሐዴራ በሂሌል ያፌ ሆስፒታል ትሠራ የነበረችው የስኳር በሽታ ሐኪም ዶክተር ዓናት ያፌ ከማኅበረሰባችን ሰዎች ጋር ጀመረችው። ስሙ በሁለት ቋንቋ ይነበባል፦ ለእኛ ጆሮ «ጤና» ነው፤ በዕብራይስጥ ደግሞ «ቴኔ» በኦሪት ዘዳግም 26 በኩራት የሚቀርብበት ቅርጫት ነው። ድርጅቱ በራሳችን ቋንቋ ትምህርት አዘጋጀ፣ ምግባችንን ሳይነቅፍ ስለ ምግብ አስተማረ፣ የስልክ አስተርጓሚ አገልግሎትም ሰጠ። በ2011 የጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማት ሁሉ አገልግሎታቸውን ለሕመምተኛው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ መመሪያ አወጣ። ከሥር የተጀመረው ነገር ወደ ላይ ደረሰ።

4. መሶቡ ሲለወጥ

ስኳር በሽታ በመጡት ወገኖቻችን ዘንድ ብርቅ ነበር። በ1988 የታተመ ጥናት ግን ከመጡ ብዙም ባልቆዩ ወጣቶች ላይ ከፍ ያለ የደም ስኳር በብዛት እንደታየ ገለጸ። በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ወገኖቻችን ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በለጋ ዕድሜና በአነስተኛ ውፍረት በበሽታው እንደሚያዙ አሳየ። ስለዚህ «አባባ ቀጭን ናቸው፣ ስኳር አይይዛቸውም» የሚለው አነጋገር አደገኛ ነው።

ምን ተለወጠ? ከማሳና ከውኃ መንገድ ወደ ወንበር ሥራና ወደ አውቶቡስ ገባን። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ከነገለባው ይፈጫል፤ አሰሩ አብሮት ይቀራል። እዚህ ግን ጤፍ ስለ ተወደደ በብዙ ቤት እንጀራው በነጭ የስንዴ ዱቄት ይጋገራል፤ ነጭ ዱቄት የደም ስኳርን ቶሎ ያወጣል። ጎመንና ምስር ቀነሱ፤ ለስላሳ መጠጥና ኬክ በየበዓሉ ተጨመሩ።

ቡናውን ብቻ እንቁጠር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ሲኒ ነው። በየሲኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ከገባ ስድስት ማንኪያ፣ ወደ 24 ግራም ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ቢቻል ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ከሰዓት በኋላ ሌላ ቤት ቡና ከተጠራን ቁጥሩ እጥፍ ነው። ታዲያ ቡናው ይቅር አንልም፤ ጉርብትናውም መድኃኒት ነው። በየሳምንቱ ከሲኒው ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ግን ይቻላል።

ለእንጀራም እንደዚሁ ነው። የጤፍ እንጀራም ቢሆን መጠኑ ይቆጠራል። አንዱን እንጀራ ቀንሶ ጎመኑን፣ ምስሩንና ሰላጣውን ማብዛት ምግባችንን ሳንተው የምናደርገው ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ወላጆቻችን ዮም ኪፑርና ስግድ ከመድረሱ በፊት ስለ ጾሙ ሐኪማቸውንና ቄሳቸውን ይጠይቁ፤ ነፍስን ማዳን ይቀድማል።

5. ጓሮውና የጤፉ ማሳ

በጌዴራ ሻፒራ ሰፈር «ሐቬሪም ባቴቫ» የተባለው የወጣቶቻችን እንቅስቃሴ ከሽማግሌዎች ጋር የማኅበረሰብ አትክልት ቦታ አለምቷል። አንድ ሽማግሌ መሬት ሲቆፍሩ ይንቀሳቀሳሉ፣ ጎመን ያበቅላሉ፣ ከሁሉም በላይ እንደገና አዋቂ ይሆናሉ። ከእነርሱ ብዙም ሳይርቅ በረሖቮት የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ፋኩልቲ ተመራማሪዎች ጤፍ በእስራኤል መሬት እንዲበቅል ያጠናሉ።

6. ክሊኒክ ስንመርጥ

ከ1990ዎቹ ጀምሮ ኩፓት ሆሊሞችም የአኩፓንክቸርና የመሳሰለው ክሊኒክ ከፍተዋል፤ በየከተማውም «ሙሉ ሕክምና» የሚል ማስታወቂያ ይታያል። ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ይህን እንለይ። የምግብ ባለሙያ ከጤና ሚኒስቴር ፈቃድ አለው፤ የተፈጥሮ ሕክምና ሰጪ ግን የመንግሥት ፈቃድ የሚጠየቅበት ሕግ የለም። ስለዚህ የት እንደተማረ እንጠይቅ። ኢንሱሊን ወይም የታዘዘ ክኒን አቁሙ ከሚል ሰው እንራቅ። በቤት የምንወስደውን ቅጠልና ሥርም ለሐኪም እንንገር፤ ሊያፍር የሚገባው ማንም የለም።

ማጠቃለያ

በታሪካችን ሙሉ ሕክምና የጀመረው አንድ ሰው «ምን በላሽ? ከማን ጋር በላሽ? ማን ናፈቀሽ?» ብሎ በገባን ቋንቋ ሲጠይቅ ነው። እኛ ዩኒቨርሲቲ የደረስነው የዚያ አስተርጓሚ ልጅ ታላላቆች ነን። ታናሾቻችን ከትምህርት ቀርተው ለእናታቸው ምርመራ እንዳያስተረጉሙ ቀጠሮ ሲያዝ «አማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ማለት ከእኛ ይጠበቃል።

ለውይይት
ሀ. በቤታችን ከዓሊያ በፊትና በኋላ በመሶቡ ላይ ምን ነበር? ከአያቶቻችን ጠይቀን እንጻፍ።
ለ. «ሆዴ» እና «ልቤ» የሚሉ አባባሎችን ሰብስበን ለአንድ ሐኪም እንዴት እናብራራ?
ሐ. በከተማችን ባለው ክሊኒክ አገናኝ ወይም የስልክ አስተርጓሚ አለ? ከሌለ ማንን እንጠይቅ?