የሚታይና የማይታይ ርዳታ በአሜሪካ

በአሜሪካ የመንግሥት ርዳታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የሚታይ ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው ሕግ ለድኻ የሚሰጠው የምግብ መግዣ ነው። ድኻው ይህን ለማግኘት ገቢውን ማስመርመር አለበት።

ሁለተኛው የማይታይ ነው። ከ1982 ጀምሮ ከውጭ ለሚገባው ስኳር ኮታ ተወስኗል፤ ከኮታው ያለፈውም ከባድ ቀረጥ ይከፈልበታል። ስለዚህ በአሜሪካ የስኳር ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከዓለም ገበያ ይበልጣል። ጥቅሙ ለስኳር ኩባንያዎችና ለባለእርሻዎች ነው። ከፋዩ ግን ስኳር ገዢው ሁሉ ስለሆነ፥ ርዳታው በመንግሥት በጀት ላይ እምብዛም አይታይም። በምግብ መግዣው ስኳር የሚገዛው ድኻም ከከፋዮቹ አንዱ ነው።

እንግዲህ ተማሪ ሆይ፥ «መንግሥት የሚረዳው ማንን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፥ የበጀቱን መዝገብ ብቻ ሳይሆን የገበያውንም ዋጋ መመርመር ይገባል።