የሚጮኸው ዲፈረንሻል ስንት ያስወጣል?

ጥያቄ፦ በአራቱም ጎማ በሚነዳ ፒክአፕ ከጎንደር በደባርቅና በሊማሊሞ አዲአርቃይ ጭነት አመላልሳለሁ። የኋላ ዲፈረንሻሉ ይጮኻል። ጥርሱን ማስቀየር ስንት ያስወጣኛል?

መልስ፦ መጀመሪያ ኩሽኔታው ይታይ፤ ጩኸቱ ከእሱ ብቻ ከሆነ ወጪው በጣም ይቀንሳል። ጥርሱ ከተበላ ግን ኮሮናና ፒኞኑ በጥንድ ይቀየራሉ፤ ኩሽኔታ፣ ዘይትና የእጅ ዋጋም ይጨመራል።

ትልቁ ተጨማሪ ወጪ የሚመጣው የኮሮናውና የፒኞኑ የጥርስ ቁጥር ከተሳሳተ ነው። የድሮው 41 ለ10 (4.1) ከሆነ አዲሱም ያው ይሁን። 43 ለ11 (3.9) ከኋላ ከገጠሙ፣ የፊቱ ሲታሰር የፊቱና የኋላው ዲፈረንሻል ጎማዎቹን በእኩል ፍጥነት ስለማያዞሩ ማከፋፈያው ካምቢዮ ይጎዳል። ያኔ የፊቱንም መቀየር ወይም የኋላውን እንደገና መቀየር ግድ ስለሚሆን ወጪው እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥርሱን ሳያስቆጥሩ ዕቃ አይግዙ፤ የዕቃውንና የእጁን ዋጋም ለየብቻ አስጽፈው ይያዙ።