ሽፋኑ ከስንቱ ነው?

በየሩብ ዓመቱ ከወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ወደ ላይ የሚሄደው ሪፖርት «የዕቅዱን ይህን ያህል በመቶ አከናውነናል» ይላል። በጀት የሚደለደለው፣ ኃላፊ የሚመሰገነውና የሚወቀሰው፣ ወረዳ «ሞዴል» ተብሎ የሚሸለመው በዚህች መቶኛ ነው። መቶኛዋ ከተሳሳተች ዋጋውን የሚከፍለው ክትባት ሳያገኝ የቀረው ሕፃን ነው። ስለዚህ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ ሁላችንም ልናውቅ ይገባል።

ሥራ ሌላ፣ ለውጥ ሌላ

ኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30,000 በላይ ሠራተኞችን አሠልጥና በየቀበሌው አሰማርታለች። የሚያኮራ ሥራ ነው። ነገር ግን ስንት ሰው ሠለጠነ፣ ስንት ጤና ኬላ ተገነባ የሚለው ቆጠራ የተደረገውን ጥረት እንጂ የመጣውን ለውጥ አይነግረንም። ለውጡን ለማየት ቤት ለቤት የሚካሄደውን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መመልከት ያስፈልጋል። በ1997 ዓ.ም. ጥናት በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 123ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2003ቱ ጥናት 88 ሆኑ። የእናቶች ሞት ግን በ100,000 ወሊድ 673 የነበረው 676 ሆኖ ባለበት ቆመ።

ለምን? ክትባት፣ የወባ አጎበርና የተቅማጥ ሕክምና ጤና ኬላ ድረስ ይወርዳሉ። ስትወልድ ደም የሚፈሳት እናት ግን አዋላጅ ነርስ፣ አምቡላንስ፣ የሚለገስ ደምና ቀዶ ሕክምና ትፈልጋለች። በ2003ቱ ጥናት በሠለጠነ ባለሙያ እርዳታ የተወለዱት ሕፃናት 10 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 28፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ 50 በመቶ ደረሱ። ጥሩ ልኬት እንዲህ ነው፤ ሥራው ያልደረሰበትን ቦታ በጣት ያሳያል።

በ2008ቱ ጥናት የእናቶች ሞት ወደ 412 ወርዷል። ጥናቱ ራሱ ግን እውነተኛው ቁጥር ከ273 እስከ 551 ባለው መካከል ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። በመድረክ ላይ የሚነገረው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለቱም አብረው ሊነገሩን ይገባል።

ላዕልና ታሕት

በክፍልፋይ ትምህርት ከላይ ያለው ላዕል፣ ከታች ያለው ታሕት ይባላል። በክትባት ሽፋን ላዕሉ የተከተቡት፣ ታሕቱ መከተብ የነበረባቸው ሕፃናት ናቸው። ላዕሉ ከመዝገብ ይገኛል። ታሕቱ የሚሰላው ግን ከ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ተነሥቶ በትንበያ ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ተፈናቅሏል፣ ለሥራ ሄዷል፣ ከተሞች ሰፍተዋል። እንበልና አንድ ወረዳ 3,000 ሕፃናት አሉት ተብሎ ተተንብዮ 3,300 ቢከትብ፣ ሽፋኑ 110 በመቶ ይሆናል። ማንም ሳይዋሽ የማይሆን ቁጥር ወጣ ማለት ነው። ነዋሪው ለቆት የሄደው ጎረቤት ወረዳ ደግሞ ያለ ጥፋቱ «ደካማ» ይባላል።

ከዚህ የሚያወጣ መንገድ አለ። የፔንታ ክትባት ሦስት ጊዜ ይሰጣል። አንደኛውን የወሰዱትንና ሦስተኛውን የወሰዱትን ከአንድ መዝገብ ላይ ማነጻጸር ይቻላል፤ ለዚህ የሕዝብ ቁጥር አያስፈልግም። በ2008ቱ ጥናት አንደኛውን የወሰዱት 73 በመቶ፣ ሦስተኛውን የወሰዱት 53 በመቶ ነበሩ። ከጀመሩት ከሩብ በላይ የሚሆኑት አቋርጠዋል ማለት ነው። እኔ ከጠቅላላው ሽፋን ይልቅ ይህን መለኪያ አምናለሁ። አንድ ጊዜ ልጇን ያስከተበች እናት መንገዱን ታውቀዋለች፤ ፈቃደኛም ነበረች። ካልተመለሰች መጠየቅ ያለበት አገልግሎቱ ነው። ክትባቱ አልቆ ይሆን? ባለሙያዋ ሥልጠና ሄዳ ጤና ኬላው ተዘግቶ ይሆን? ቀጠሮውን በሚገባ ሳይነግሯት ቀርተው ይሆን?

ተገምጋሚው ራሱ ሲቆጥር

ሪፖርቱን የሚያዘጋጀው በዚያው ሪፖርት የሚገመገመው ሰው ነው። በግምገማ ላይ ዝቅተኛ ቁጥር ይዞ መቅረብ ተግሣጽ የሚያስከትል ከሆነ ቁጥሩ ወደ ላይ ቢያዘነብል አይገርምም። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ የድንገተኛ ክፍል ታካሚ በአራት ሰዓት ውስጥ እንዲስተናገድ ግብ ሲጣል፣ መጠበቂያው ጊዜ በእርግጥ አጠረ፤ ነገር ግን ብዙ ታካሚዎች ልክ አራት ሰዓት ሊሞላ ደቂቃዎች ሲቀሩት ወደ ሌላ ክፍል ሲተላለፉ ታየ። ሠራተኛው ሰዓቱን እያየ ይሠራ ነበር።

መድኃኒቱ ሪፖርትን መተው አይደለም። ሪፖርቱን ከመዝገቡ ጋር፣ መዝገቡን ከቤተሰቡ ጋር የሚያመሳክር ሌላ ወገን ያስፈልጋል። ስህተቱን በራሱ አንሥቶ የሚናገር ሠራተኛም ሊመሰገን ይገባል።

የካርዱ ሳጥን

በገጠር ጤና ኬላ ለየቤተሰቡ ማህደር ተከፍቶ በመደርደሪያ ይቀመጣል። አጠገቡ በወራት የተከፋፈለ ሳጥን አለ። ሕፃኑ የሚከተብበት ቀጠሮ ጥር ከሆነ ካርዱ በጥር ክፍል ይገባል፤ ሲከተብ ወጥቶ ወደሚቀጥለው ቀጠሮ ይዛወራል። ጥር አልቆ እዚያው የቀረ ካርድ ያልመጣ ሕፃን ነው፤ የእናቱ ስምና ጎጡ ተጽፎበታል። ይህ መረጃ ወረዳ ሲደርስ መቶኛ ይሆናል። ጤና ኬላው ላይ ግን የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ነገ የማንን በር እንደምታንኳኳ ይነግራታል። ከዚህ የተሻለ የአፈጻጸም መለኪያ አላውቅም።

ማኅበራዊ ድጋፍስ?

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ሠርተው መብላት ለማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ሕሙማን ቀጥታ ድጋፍ ይሰጣል። እዚህ ላይ «ስንት ብር ተከፈለ» ብሎ ማቆም አይበቃም። በችግሩ ወር ያልደረሰ ድጋፍ ዘግይቶ ሲደርስ የተጠቃሚው በግ ተሸጦ፣ ብድርም ተገብቶ ይቆያል። ስለዚህ «በወቅቱ ደረሰ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከገንዘቡ መጠን እኩል ሊለካ ይገባዋል።

ተገልጋዩም ይመዝናል

በብዙ ወረዳዎች ነዋሪዎች ጤና ጣቢያቸውን በውጤት መስጫ ካርድ ይመዝናሉ፤ ስለ ባለሙያው አክብሮት፣ ስለ ወረፋው፣ ስለ መድኃኒት መኖር፣ ስለ አምቡላንስና ስለ ንጽሕና ነጥብ ይሰጣሉ። በአካባቢያችሁ እንዲህ ያለ ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ። የተሰጠው ነጥብ በመዝገብ መስፈሩን፣ ባለፈው ስብሰባ የተነሣው ቅሬታ ምን ላይ እንደደረሰም ጠይቁ።