የስኳር መለኪያ ስትሪፕ እና «ናኖ» የሚለው ስያሜ

ጥያቄ፦ ካምፓላ፣ ናጉሩ የሚኖር የስኳር ሕመምተኛ በጣት ደም የሚሠራ መለኪያ ሲገዛ በናኖ ቁስ የተሠራውን መምረጡ ይበጀዋል ወይ? ቁጥሩስ አዲስ አበባ ሳለ ከለመደው ለምን ይለያል?

መልስ፦ የቁጥሩ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የሚመነጨው ከመስፈሪያው ነው፤ በሚሊሞል በሊትር የሚያነብ መሣሪያ 7 ብሎ ያሳየው መጠን በ18 ሲባዛ፣ በኢትዮጵያ በተለመደው አነጋገር 126 ሚሊግራም በዴሲሊትር ይሆናል።

ስለ ናኖው ለመፍረድ ግን ሌላንድ ክላርክና ቻምፕ ላየንስ በ1962 እ.ኤ.አ. ያቀረቡትንና በኋላ የተሻሻለውን የአሠራር መሠረት ማወቅ ያስፈልጋል። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም፣ ማለትም ግሉኮስን ለይቶ ለውጡን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ግሉኮስን ከኦክስጅን ጋር አገናኝቶ ግሉኮኒክ አሲድና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያስገኛል፤ ቁስል ለማጽዳት የሚታወቀው ይኸው ፐርኦክሳይድ በፕላቲነም ኤሌክትሮድ ላይ ኤሌክትሮን ሲለቅ የሚፈጠረው ጅረት ተለክቶ ወደ ስኳር መጠን ይተረጎማል። ጅረቱን ለማግኘት የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ከፍ ያለ በመሆኑ ግን ቫይታሚን ሲና ፓራሲታሞልም በዚያው ቮልቴጅ ኤሌክትሮን እየለቀቁ ንባቡን ያዛባሉ፤ በዛሬዎቹ ስትሪፖች የኦክስጅንን ቦታ ሌላ ኤሌክትሮን አመላላሽ ውሕድ ቢይዝም ስጋቱ ፈጽሞ አልጠፋም።

ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ሲሆን፣ በዚህ መጠን የደቀቁ የወርቅ ቅንጣቶች ወይም የካርቦን ቱቦዎች ለኤሌክትሮዱ ሰፊ ገጽ ይሰጡታል፤ ፕረሽያን ብሉ የተባለው ቀለም ደግሞ ፐርኦክሳይዱን በዝቅተኛ ቮልቴጅ ለመለካት ስለሚያስችል የባዕድ ውሕዶችን ጣልቃ ገብነት ይቀንሳል። ኢንዛይሙን ጨርሶ ለማስቀረት የታሰቡት የኒኬልና የመዳብ ናኖ ሴንሰሮች ግን በአመዛኙ የሚሠሩት በጠንካራ አልካላይ ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ የደም ፒኤች ግን 7.4 ገደማ፣ ማለትም ለገለልተኛ የቀረበ፣ በመሆኑ የቤተ ሙከራው ውጤት ጣት ላይ አይደገምም፤ ማስታወቂያዎች ይህን እምብዛም አይናገሩም።

ስለዚህ ገዢው ሊጠይቅ የሚገባው «ናኖ» መባሉን ሳይሆን መሣሪያው አይ.ኤስ.ኦ. 15197 የተባለውን የ2013 እ.ኤ.አ. መስፈርት ማሟላቱን ነው፤ መስፈርቱ ከ100 ንባቦች 95ቱ ከላቦራቶሪው ውጤት በ15 በመቶ፣ ከ100 ሚሊግራም በታች ከሆነም በ15 ሚሊግራም ወሰን ውስጥ እንዲገኙ ያዝዛል። እርጥበት ኢንዛይሙን ስለሚጎዳ ስትሪፑ በራሱ ጠርሙስ ተከድኖ ይቀመጥ፤ የደም ማነስ ንባቡን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችልም ለሐኪም ይነገር። ንባቡ ከሚሰማው ስሜት ጋር የማይገጥም ሕመምተኛ እጁን ታጥቦ ይድገመው፤ ልዩነቱ ከቀጠለ ናጉሩ ባለው የቻይናና የዩጋንዳ ወዳጅነት ሆስፒታል ወይም በሌላ ጤና ተቋም በላቦራቶሪ ያስመርምር እንጂ በራሱ ፈቃድ የኢንሱሊኑን መጠን አይቀይር።