አፉን ያልፈታ ሕፃን

ጥያቄ፦ ወንዱ ልጄ 2 ዓመት ሞልቶት ሳለ «እማ» እና «ውሃ» ከማለት በቀር አይናገርም። በቤታችን አማርኛና ኦሮምኛ ይነገራል። አማቴ «ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ ታገሺ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የአማትዎ ምክር ከፍቅር የመነጨ መሆኑን ባልጠራጠርም፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃላትን አገጣጥሞ መናገር ያልጀመረን ሕፃን ጊዜ ይፈውሰዋል ብሎ መተው የማይገባ ስለሆነ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያሳዩት። ከሁሉ አስቀድሞ ጆሮው ይመርመር፤ ከጆሮ ታምቡር በስተኋላ የሚቋጠር ፈሳሽ ድምፅን አደብዝዞ አንደበትን ሊያዘገይ ይችላልና፣ በር ሲንኳኳ ዞር ማለቱ ብቻ አጥርቶ ለመስማቱ ምስክር አይሆንም። ሁለቱን ልሳናት መናገራችሁ ግን የመዘግየቱ ምክንያት አይደለምና አንዱን አይተዉ። ያገኘውን ቃል መልሶ ያጣ እንደሆነ አንዲት ቀን እንኳ አይዘግዩ። እስከዚያው ሲያለብሱትም ሲያጥቡትም እያንዳንዱን ነገር በስሙ እየጠሩ ያነጋግሩት፤ መልሱንም በትዕግሥት ይጠብቁ።